ሞተሬ መሃል ሐይቅ ላይ ይታፈናል፤ ጎማውን ሲጨምቁለት ይነሳል

ዘጌ_ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ባህር ዳር ነኝ። ከወደቡ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ጎብኚ አመላልሳለሁ። ሞተሬ ያማሃ 25 ፈረስ ጉልበት ነው። ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሰጠው)፣ በገመድ የሚነሳ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልለት)። ሁለት ሳምንት ሙሉ አስቸገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት በሁለተኛው ጉተታ ይነሳል። ሚኒሞው፣ ጋዝ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ ማለቴ ነው፣ ቆንጆ ነው። ቀስ ብዬ ከወደቡ ስወጣም ምንም አይለው። ሙሉ ጋዝ ሰጥቼው አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ ግን ድምፁ ይለወጣል። ጉልበቱ ይወርዳል፣ ይንተፋተፋል፣ ካልደረስኩለት ይጠፋል። ቱቦው መሃል ላይ ያለውን ጎማ ፓምፕ ሦስት አራት ጊዜ ስጨምቀው ወዲያው ነፍስ ይዘራል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ሄዶ እንደገና ያው ነው።

አሁን ረዳቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ እሱ እየጨመቀ እኔ እየነዳሁ ነው የምንሄደው። ባለፈው ቅዳሜ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን ይወዘውዛታል፤ የልጁ እጅ ዝሏል፤ የጫንኩት ዘጠኝ ሰው ነው። አንዲት እናት ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ ይቺ ጀልባ ትታለባለች እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ።

ካርቡሬተሩን አንድ መካኒክ አውርዶ አጥቦታል። ካንዴላዎቹንም (እሳት የሚጭሩትን) ቀይሬአለሁ። ለውጥ የለም። አሁን «አዲስ ካርቡሬተር ግዛ» ይለኛል። ልግዛ?

የጫሞ_አዞ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ኧረ ብርህን አታባክን። ጎማውን ስትጨምቅለት ከተነሳ ካርቡሬተሩ የደረሰውን ቤንዚን አሳምሮ ይጠቀምበታል ማለት ነው። የጎደለው ወደሱ የሚመጣው ነው።

መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን እይ። ላዩ ላይ የምትሽከረከር የአየር መተንፈሻ አለች። ከፍተሃታል? እንዳትስቅ። እኔ አርባ ምንጭ ነኝ። አንድ ቀን ጎብኚ ጭኜ፣ አዞዎቹ ፀሐይ የሚሞቁበት ዳር ልንደርስ ስንል ሞተሩ ጠፋ። ስጎትት ስጎትት ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ። ለካስ ጠዋት ታንከሩን ስሸከም እንዳይፈስብኝ ብዬ የዘጋኋትን መተንፈሻ ረስቻታለሁ። ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ መልሶ ይስባል፤ የሞተሩ ፓምፕ ከሱ ጋር ሲጓተት ይሸነፋል። አዞዎቹ በትዕግሥት ሲያዩኝ ነበር።

እምቦጭ_ጠል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሁለት ነገር ልበልህ። አንድ፣ እምቦጩ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ደፍኖት ሞተሩ ሞቆ ይሆናል። ሁለት፣ ዘይቱን ጠንከር አድርግለት። የኔ 15 ፈረስ ጉልበት ሲደክምብኝ ዘይት ጨመር አደርግለታለሁ፣ ይረጋጋል።

ዘጌ_ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

የጫሞው፣ አሁኑኑ ሄጄ አየኋት፤ መተንፈሻዋ ክፍት ናት። እምቦጭም አይመስለኝም። ውሃው ከኋላ ደህና አድርጎ ይረጫል። ዘይቱን ነገ ልሞክረው ይሆናል።

ጋሼ_ካንዴላ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ዘይቱን እንዳትሞክር። እንኳን ቀድሜህ ገባሁ።

ልጄ፣ እኔ ዝዋይ ነኝ። ሞተር ስፈታ ነው ፀጉሬ የሸበተው። መጀመሪያ ያስፈራኝን ልንገርህ፤ ያንን ጎማ እየጨመቁ መሄድ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የመኪና ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ጉልበት ያጣል እንጂ ዘይቱ ከታች ኮፓ (የዘይት ማጠራቀሚያው) ውስጥ አለለት። ያንተ ሞተር ኮፓ የለውም። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣለት ነው። ስለዚህ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም አንሶታል። በዚያ ላይ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሲሳሳ ውስጡ ይግላል። ሙሉ ጋዝ ላይ እንዲህ ከሆነ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ያን ጊዜ ካርቡሬተር ልግዛ ወይስ ልተው ብለህ አትጠይቀንም፤ የምትገዛው ሞተር ነው።

እምቦጭ ጠል፣ አንተንም ሳልቆጣ አላልፍም። በካርቡሬተሩ ቀዳዳ የሚያልፈው ድብልቅ መጠኑ ያው ነው። ዘይት ባበዛህ ቁጥር ከዚያው ላይ የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል። ሞተሩን የጠቀምከው መስሎህ ይበልጥ ታሳሳበታለህ። ጥላሸቱ ደግሞ ካንዴላውን ይደፍነዋል። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ 50 ለ 1 ነው፤ በሃያ ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። በዓይን የሚለካ ነገር አይደለም። የመኪና ዘይትም አይሆንም። ለጀልባ ሞተር የሚሠራው ዘይት ቆርቆሮው ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል አለበት።

ወደ በሽታው ልመለስ። ያ ጎማ ፓምፕ ራሱ ሐኪም ነው፤ የሚነግርህን መስማት ነው። ሞተሩ መታፈን ሲጀምር ረዳትህ አይጭመቀው፤ በመዳፉ ብቻ ይንካው።

ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከጠፈጠፈ ከታንከሩ በኩል የሚመጣው ታግዷል። ወይ መተንፈሻዋ ናት፣ ወይ ታንከሩ ውስጥ ያለው የመሳቢያው ወንፊት፣ ወይ ከታንከሩ እስከ ጎማው ያለው ቱቦ። ጎማው ቅርጹን እንደያዘ ሞተሩ ከታፈነ ግን ቤንዚኑ እስከዚያ ደርሷል፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ ነው። ምንም ብትጨምቀው የማይጠነክር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ወይ አየር ይስባል፣ ወይ ውስጡ ያለችው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ ሞታለች፣ ወይ የካርቡሬተሩ መርፌ (ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን የምትዘጋው) አልዘጋ ብላ ቤንዚኑ ይፈሳል። ጎማው ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማየት አለበት። ገልብጠው ገጥመውት «ሞተሩ ሞተ» ብለው የመጡ አይቻለሁ።

ሌላው መላ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ደግሞም በነጻ ነው። ከጎረቤት ጀልባ ታንከር ከነቱቦው ተዋስ። መሰኪያው ካንተ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። ሰው ሳትጭን፣ ከወደቡ ሳትርቅ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ሂድ። ችግሩ ከጠፋ ሞተርህ ጤነኛ ነው። ካልጠፋ ያን ጊዜ እንፈታታዋለን።

ካንዴላዎቹንም አውጥተህ መልካቸውን ጻፍልኝ።

ባሮ_ዳር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ ያሉትን ይዘህ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጣና ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከፋብሪካ በወጣበት ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን) ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ጉልበቱም ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ብለህ አስበው። ለዚህ ነው ላይ ያሉ ሰዎች ዋናውን ጂግለር ባነሰ የሚቀይሩት።

ይህን በምን አወቅክ በሉኝ። ከደጋ ሐይቅ ላይ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ጂግለሩን መቀየሩን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ወፍራም፣ ጂግለሩ ጠባብ። ባሮ ላይ ሽቅብ ወንዙን እየታገልኩ፣ ሙሉ ጋዝ ላይ እያለሁ፣ «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰማሁና ሞተሩ ቀጥ አለ። ሲከፈት የላይኛው ፒስተን ጎኑ እንደተላጠ ሸንኮራ ሆኗል። ያገለገለ ሞተር የምትገዙ፣ የት እንደነበረ ጠይቁ።

የጫሞ_አዞ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ይሄንን አላውቅም ነበር። የኔም የመጣው ከላይ ነው። ዛሬ ጂግለሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያለሁ።

ሚኒሶታ_ሐበሻ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

ሰላም፣ ከሚኒሶታ ነኝ። የምትሉት ሁሉ እዚህም ያው ነው። የኔ ፎር ስትሮክ ነው፣ ኢንጀክሽን፤ ካርቡሬተር የለውም፣ ቤንዚኑ በግፊት ነው የሚረጨው። ጎማ ፓምፑ፣ ቱቦው፣ መሰኪያው፣ ፊልትሮው እንደናንተው ነው። ከዚያ ወዲያ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ የተቀመጠባት ትንሽ ቤንዚን ማጠራቀሚያ አለች፤ እሷ ስትቆሽሽ በካቻቢቴ የምትፈታ አይደለችም፣ ኪስ ታራቁታለች። ካርቡሬተራችሁን አትናቁ።

እዚህ የሚያስቸግረን ኤታኖል ነው። የተለመደው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ውሃ ይስባል፣ የቆየ ጎማም ያበላሻል። ለጀልባና ለአሮጌ መኪና ተብሎ ኤታኖል የሌለበት ይሸጣል፤ ወደድ ቢልም ከሱ አልወጣም። ሐይቁ በረዶ ሳይሆን በፊት ካርቡሬተር ያላቸው ሰዎች የካርቡሬተሩን ቤንዚን አፍስሰው ነው ሞተሩን የሚያስቀምጡት። እናንተ ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይህን ታደርጋላችሁ?

ዘጌ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አድርጌአለሁ።

ጎማው አልጠፈጠፈም። ሞተሩ ሲታፈን ረዳቴ ነካው፤ ደህና ሙሉ ነው። ከዚያ የጓደኛዬን ታንከር ከነቱቦው ሰካሁ። ከወደቡ ወደ ደብረ ማርያም አቅጣጫ ወጥቼ ተመለስኩ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጋዝ። አንዴም አልተንተፋተፈም! የራሴን መልሼ ስሰካ በስምንተኛው ደቂቃ ታፈነ።

ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው ግን ጫፋቸው ነጣ ብሏል፣ በተለይ የላይኛው። ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ፊልትሮ ስከፍት ደግሞ ጥቁር ጥቁር ነገር አገኘሁ። የቡና አተላ ይመስላል። ታንከሩ ዝጎ ይሆን?

የአሞራ_ገደሏ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ወንድሜ፣ ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀዳው? እኔ ሐዋሳ ላይ ሁለት ጀልባ አለኝ። ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፍ የበዛ ጊዜ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝቼ በአንድ ሳምንት ሁለቱም ሞተሮች ታመሙብኝ። ከዚያ በኋላ ሳልፈትሽ አልቀዳም።

የማደርገው ቀላል ነው። ዘይቱን ከመቀላቀሌ በፊት ትንሽ ቤንዚን ቀለም በሌለው ጠርሙስ ቀድቼ አስቀምጠዋለሁ። ውሃ ካለው ከሥሩ ይተኛል፤ ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርገው ውሃው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ደህና ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ካለበት ቅባት ያለው ምልክት ይተዋል። ዘይት ከቀላቀልክ በኋላ ከሞከርከው ግን ሁልጊዜ ቅባት ታያለህ። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ አድርጌ ነዳጅ ማደያ ሄጄ ተጣልቻለሁ። አሁንም ሰላም ሲሉኝ አፍራለሁ።

ታንከሩን ስትሞላ ጀልባው ውስጥ አትሙላው። መሬት ላይ አውርደው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል።

ዘጌ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እህቴ፣ ከማደያ ነው የምቀዳው። የጠርሙሱን አሁን ሞከርኩት፤ ንጹሕ ነው።

ጋሼ_ካንዴላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጥሩ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ነፃ ወጣ። ካርቡሬተሩም ነፃ ነው። መካኒኩ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ያልመረመረውን ነገር ነው የጠረጠረው።

ያንን ጥቁር ነገር ጣትህ ላይ አድርገህ እሸው። ዝገት ከሆነ ቀላ ይላል፣ ይሻክራል፣ ማግኔት ይስበዋል። ጎማ ከሆነ ይለጠጣል፣ እንደ ኩል ጣትህን ያጠቁራል። የትኛው ነው?

ቱቦውንስ መቼ ነው የቀየርከው?

ዘጌ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እንደ ኩል ነው ጋሼ። ጣቴ ጠቆረ።

ቱቦውን አምና ነው የቀየርኩት። ከጎማው እስከ ሞተሩ ያለውን ብቻ። ከገበያ ነው የገዛሁት፣ «ለቤንዚን ይሆናል» ብሎኝ ነው ሻጩ። ግን ደፍኖ እንዳይሆን አሁን አውልቄ ነፋሁበት። እንደ ዋሽንት ያልፋል። ምንም የዘጋው የለም።

የጫሞ_አዞ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

መሰኪያው ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጓስ? እዚያ ጋ አየር ሲስብ እንዲህ ያደርጋል። የሚገርመው ከውጭ ቤንዚን አይንጠባጠብም፤ ሞተሩ እየሳበ ስለሆነ አየር ይገባል እንጂ ቤንዚን አይወጣም። ጎማውን እስኪጠነክር ጨምቀህ መሰኪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለህ እየው። ከረጠበ እሷ ናት።

ጋሼ_ካንዴላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የጫሞው ያለው እውነት ነው፣ ይታይ። ልቤ ግን ወደ ቱቦው አደላ።

ስትነፋ ማለፉ አያታልልህ። ጎማ ፓምፑን ስትጨምቅ ቤንዚኑን ትገፋዋለህ። ሞተሩ ግን አይገፋም፣ ይስባል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለቤንዚን ያልተሠራ ቱቦ ውስጠኛው ቆዳው በቤንዚን ተበልቶ ከውጭኛው ይላቀቃል። ስትገፋበት ያ ቆዳ ወደ ግድግዳው ይለጠፋል፤ መንገዱ ይከፈታል። ሲሳብ ደግሞ ወደ መሃል ይወድቅና እንደ መጋረጃ ይዘጋል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ በቀረችው ቀዳዳ ይበቃዋል። ሙሉ ጋዝ ላይ አይበቃውም። አንተ ጨመቅክ፣ መጋረጃው ተገለጠ፣ ሞተሩ ነቃ። ያልከው ሁሉ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

በአፍህ እንዳትስብ። ቤንዚን ሳንባ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ከፋርማሲ ትልቁን ሲሪንጅ ግዛ። የሞተሩን በኩል ያለውን የቱቦ ጫፍ ላይ አጥብቀህ ሰክተህ ፈጠን አድርገህ ሳበው። ከዚያ ንገረኝ።

እምቦጭ_ጠል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ፣ ቁጣውን ተቀብያለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝና የኔንም ይዩልኝ። ትናንት ከዘጌ ማዶ ጋር አብሬ ታንከር ቀይሬ ሞከርኩ። የኔ በሰው ታንከርም ይደክማል። ዘይቱን ያበዛሁት ለዚህ ነበር። ካንዴላዎቹን ሳወጣ አንዱ የቡና ቀለም ነው። ሌላው ጥቁርና እርጥብ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ጋሼ_ካንዴላ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

የቡና ቀለሙ ጤነኛ ነው። አንዱ ብቻ መርጠቡ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አቀያይርና ትንሽ ነድተህ እይ። እርጥበቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ፣ የዚያ ሲሊንደር የእሳት መስመርም ደህና ከሆነ፣ የቤንዚን ፓምፑን ፍታ።

ይህች ፓምፕ ኤሌክትሪክ የላትም። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ክራንኩ ያለበት ክፍል ውስጥ ግፊትና መሳብ ይፈራረቃል። ያ ትንፋሽ በቀጭን ቀዳዳ መጥቶ ዲያፍራሙን ያርገበግበዋል። በቃ፣ ያ ነው ፓምፑ። ስስ ቆዳ ናት። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብትበሳ ቤንዚኑ በዚያው የትንፋሽ ቀዳዳ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይገባል። ያ ሲሊንደር ይሰምጣል፤ ፓምፑም አቅም ያጣል።

ስትፈታት ቤንዚኑን ሐይቁ ውስጥ አትድፋ። ሳህን አስቀምጥ፣ በስልክህ በየደረጃው ፎቶ አንሳ፣ ጓርኒሲዮኖቹን (በክፍሎቹ መካከል ያሉትን ማሸጊያዎች) በቅደም ተከተል ደርድር። ዲያፍራሙን ወደ ፀሐይ አንሳና አሳልፈህ እይ። ብርሃን ነጥብ ሆኖ ካየህ አገኘኸው። ባታይም ከደረቀና ከተጨማደደ አይመለስም።

ካርቡሬተሩን አብረህ የምትከፍት ከሆነ ሁለት ነገር አደራ። የሚኒሞዋን ብሎን ከማውለቅህ በፊት እስክትነካ ድረስ ቀስ ብለህ አጥብቃትና ስንት ዙር እንደሄደች ጻፍ። ጂግለሩን ደግሞ በሽቦ እንዳትጎረጉር። ነሐስ ልል ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ቢሰፋ ልኩ ጠፋ። ዓሣ አስጋሪ አይደለህ? ከመረብህ ላይ አንዲት የናይለን ክር ቁረጥ። እሷ አታቆስለውም። የመርፌዋን ጫፍ በጥፍርህ ዳስሳት፤ ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ጭረት ከሠራች ቀይራት።

የአሞራ_ገደሏ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የናይለኗ ክር! እኔ ለመካኒክ ብር እየከፈልኩ ነበር።

ሚኒሶታ_ሐበሻ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20

ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ኤታኖል አለ እንዴ ቤንዚኑ ውስጥ? የዘጌ ማዶ ቱቦ በአንድ ዓመት እንዲህ መሆኑ ገርሞኝ ነው።

ጋሼ_ካንዴላ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኤታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሚመጣው። ከመገመት መሞከር ይሻላል። ልኬት ያለው ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በላዩ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን አድርግ። ዘግተህ ናጠው፣ ይረፍ። ኤታኖል ካለ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ከሥር ያለው 10 የነበረው ከፍ ይላል። የሞከርክበትን መልሰህ ታንከር ውስጥ እንዳታስገባ።

ቱቦው ግን ኤታኖልም አያስፈልገው። ለውሃ የተሠራ ጎማ ንጹሕ ቤንዚንም ይበላዋል።

ዘጌ_ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ጋሼ!!!

ሲሪንጁን ሰክቼ ስስበው ግማሽ መንገድ መጣና ቀጥ አለ። ስለቀው ራሱ ተመልሶ ሄደ። ረዳቴ እንደገና ሳበው፣ ያው ነው። መልሰን ስንነፋበት ያልፋል።

ከዚያ ቱቦውን በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅነው። ከሞተሩ መሰኪያ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ ውስጠኛው ቆዳ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

መሰኪያዋንም የጫሞው እንዳለው በጨርቅ ጠቅልዬ አየኋት፤ ደረቅ ናት። ግን ኦሪንጓ ጠፍጠፍ ስላለች ቀየርኳት። ፊልትሮዋን አጥቤአለሁ። ኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ኃይል) ያ መካኒክ ለካልኝ፤ ሁለቱም ሲሊንደር እኩል ናቸው። የላይኛው ካንዴላ ሲነጣብኝ ያ የባሮ ዳሩ ፒስተን ነበር ዓይኔ ላይ የሚመጣው።

ባሮ_ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

እግዚአብሔር ይመስገን በል። የኔ ሁለት ሳምንት አልጠበቀኝም።

ሚኒሶታ_ሐበሻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

አዲሱን ስትገዛ ቱቦው ላይ የታተመውን አንብብ። ለጀልባ ቤንዚን የተሠራው ላይ ኤስኤኢ ጄ 1527 የሚል ይኖራል። ምንም ያልተጻፈበት ቱቦ አትግዛ፤ ሻጩ ቢምልልህም።

ዘጌ_ማዶ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ቱቦ አገኘሁ፣ ጽሑፍ ያለበት። ሁለት ሜትር ወሰድኩ። በአሮጌዎቹ ፋሸታዎች (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቶች) ፋንታ አዲስ አጠበቅኩ። ዛሬ ሰባት ሰው ጭኜ ዘጌ ደርሼ መጣሁ። ረዳቴ ከኋላ ተቀምጦ እጁን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ነበር፤ በመጨረሻ ለጎብኚዎቹ ጉማሬ ማሳየት ጀመረ።

ካርቡሬተሩ ያው የድሮው ነው።

እምቦጭ_ጠል | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ነጥብ አይደለም ጋሼ፣ ስንጥቅ ነው፤ ጥፍር ያስገባል። ዲያፍራሙን ከነጓርኒሲዮኑ አዝዣለሁ፣ እሑድ ይደርሳል። ታንከር ውስጥ ያለውን ዘይት የበዛበትን ቤንዚንስ ምን ላድርገው? አሥር ሊትር ይሆናል።

ጋሼ_ካንዴላ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

ስንት ዘይት እንደጨመርክ ታስታውሳለህ?

እምቦጭ_ጠል | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

በአሥሩ ሊትር ላይ አንድ የግማሽ ሊትር ላስቲክ፣ ትንሽ ጎደል ያለ። 400 ሚሊ ሊትር በሉት።

ጋሼ_ካንዴላ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55

እንግዲያው ልክ የሃያ ሊትር ዘይት ነው የሰጠኸው። ዘይት ያልገባበት አሥር ሊትር ቤንዚን ጨምርበት፣ ደህና አድርገህ ነቅንቀው፣ 50 ለ 1 ሆነ። ከዲያፍራሙ በኋላ ግን። እስከ እሑድ መረቡን በታንኳ ዘርጋ።